«ከስንት አመልካች ስንት ገባ?» የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ቅበላ ቁጥር እንዴት ይነበባል

የማስተርስ ቅበላ ሰሞን በመጣ ቁጥር ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ክርክር ይነሳል። ፔዳ በሚባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በባንክ ቅርንጫፎች፣ በመንግሥት ቢሮዎች የሻይ ሰዓት ላይ ይሰማል። አንዱ «ኢኮኖሚክስ ዘንድሮ አይቀመስም፤ ከአምስት ሰው አንድ ነው የሚወስዱት» ይላል። ሌላው «ኧረ ያመለከተ ሁሉ ገብቷል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ቁጥር ይጠራሉ። ሁለቱም ደግሞ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ክርክሩ የሻይ ሰዓት ጨዋታ ሆኖ አይቀርም። ይህን ቁጥር ሰምቶ ሥራውን የሚለቅ ሰው አለ። «እኔማ አልሆንም» ብሎ ሳያመለክት የሚቀርም አለ። ዩኒቨርሲቲውን «ወደቀ» ወይም «ገነነ» የሚል ፍርድ የሚሰጠውም በዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ማንን ቆጥሮ ማንን እንደሚተው ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

## አራት ቁጥር፣ አንድ ስም

«የቅበላ ምጣኔ» የምንለው ነገር ተራ ክፍልፋይ ነው። ላዕሉ፣ ማለትም ከሰረዙ በላይ ያለው፣ የገቡት ሰዎች ቁጥር ነው። ታህቱ፣ ከሰረዙ በታች ያለው፣ ያመለከቱት ናቸው። ግን «ገባ» ማለት ምን ማለት ነው? «አመለከተ» የሚባለውስ ማን ነው?

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይደሉም። ለአንድ የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ፕሮግራም 80 ሰው ፎርም ሞላ እንበል። የ20ዎቹ ማስረጃ አልተሟላም። የቀሩት 60 ተወዳደሩ። ከእነሱ 30ዎቹ ተቀባይነት አገኙ። ምዝገባ ተጠናቅቆ ክፍል ሲጀመር ወንበር ላይ የተገኙት ግን 18 ናቸው።

እንግዲህ ስንት በመቶ ገባ? 18ን ለ80 ያካፈለ ሰው 22.5 በመቶ ያገኛል። «ከአምስት አንድ» የሚለው ሰውዬ ይኸው ነው፤ ትንሽ አጠጋግቶታል። 30ን ለ60 ያካፈለ ደግሞ 50 በመቶ ያገኛል። ያው ፕሮግራም፣ ያው ዓመት፣ ያው ተማሪ። ልዩነቱ ግን ከእጥፍ ይበልጣል። ተቀባይነት ያገኙት ሳይመጡ ሲቀሩ ደግሞ ትምህርት ክፍሉ ተጠባባቂዎችን እየደወለ ሊጠራ ይችላል። ያኔ ማስረጃው የተሟላና የታገሠ ሁሉ ይገባል። «ያመለከተ ሁሉ ገብቷል» የሚለው ወሬ ከዚህ ሊነሳ ይችላል።

ማስረጃቸው ያልተሟላው 20ዎቹ እነማን ናቸው? ይህ ቦታ ቆም ብሎ መታየት አለበት። ለማስተርስ ሲመዘገቡ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ተማሪው በእጁ ካለው ኮፒ የተለየ ነው። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር አሽጎ በቀጥታ ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ይልከዋል። ይህን ለማስላክ ደግሞ የወጪ መጋራት ክፍያን ማጠናቀቅ ያስፈልጋል። ወጪ መጋራት ማለት ተማሪው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲማር የወጣበትን ገንዘብ ከፊሉን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲመልስ የተዘረጋ አሠራር ነው። ሥራ ያላገኘ ወይም ክፍያውን ያልጨረሰ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። ውጤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሳይወዳደር ከመንገድ ይቀራል። በአንዱ አቆጣጠር «ያልገባ» ተብሎ ይቆጠራል፤ በሌላው ጭራሽ እንዳላመለከተ ይቆጠራል።

ተቀባይነት አግኝተው ያልመጡት 12ቱስ? ከፊሉ ጎንደር ወይም አዲስ አበባም አመልክቶ ነበር፤ እዚያ ሄዷል። ከፊሉ የትምህርት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አላገኘም። ሌላው የክፍያውን መጠን ሲያይ፣ የባሕር ዳርን የቤት ኪራይ ሲደምርበት ሐሳቡን ቀይሯል። ከተፈቀደላቸው ውስጥ ስንቱ በትክክል ተመዘገበ የሚለውን ራሱን የቻለ ቁጥር አድርጎ መያዝ ይጠቅማል፤ «የምዝገባ ምጣኔ» እንበለው። በምሳሌያችን 18 ከ30፣ ማለትም 60 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ስለ አመልካቹ ችሎታ ምንም አይናገርም። ትምህርት ክፍሉ ምን ያህል ተመራጭ እንደሆነና ለተማሪው ኑሮ ምን ያህል እንደሚመች ግን በደንብ ይናገራል። ለዩኒቨርሲቲ አመራር ከቅበላ ምጣኔው ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል ባይ ነኝ። የተመዘገበው ቁጥር በጣም ሲያንስ ፕሮግራሙ በዚያ ዓመት ሳይከፈት ሊቀርም ይችላል። ያኔ አለፍኩ ብሎ ሥራ የለቀቀ ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል።

## ወንፊቱ ወደ ላይ ወጥቷል

ጢስ ዓባይን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፏፏቴው ሳስቶ ያየ ጎብኚ «ዘንድሮ ዝናብ ጠፋ» ሊል ይችላል። ዝናቡ ግን ላይጠፋ ይችላል። ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ውኃ የጨራጨራ ግድብ በሮች ይቆጣጠሩታል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሐይቁ ብዙ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ታች ያለውን ውኃ ብቻ አይቶ ስለ ዝናቡ መናገር አይቻልም።

የማስተርስ ቅበላም በቅርብ ዓመታት እንዲህ ሆኗል። ቀድሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጥ ነበር። አመልካቹ ሁሉ በር ላይ ይመጣል፤ እዚያው ተፈትኖ ይወድቃል ወይም ያልፋል። ስለዚህ ታህቱ ትልቅ ነበር። አሁን ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት ሌሎች በሮች አሉ።

አንዱ የመውጫ ፈተና ነው። በሀገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ሐምሌ 2015 ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይህን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ዲግሪ የሌለው ለማስተርስ አያመለክትም። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ 40.65 በመቶ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሀገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ተማሪዎች በእንግሊዝኛ አህጽሮቱ «ኤንጋት» ወይም በአጭሩ «ጋት» ይሉታል። አንድ ሰው የፈለገው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተርስ ለመማር መጀመሪያ ይህን ማለፍ አለበት። ፈተናው አጠቃላይ ችሎታን የሚመዝን ነው። የቋንቋ ግንዛቤን፣ ከቁጥር ጋር የተያያዘ አስተሳሰብንና ነገርን የማገናዘብ አቅምን ይለካል። ታሪክ ሊማር ያሰበውም፣ ኢኮኖሚክስ ሊማር ያሰበውም ይፈተኑታል።

ይህ በቁጥሩ ላይ ምን ያደርጋል? «ጋት» ያላለፈው ሰው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አይታይም። ማመልከቻ ስለማያስገባ ታህቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ምጣኔ በአንድ ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል። ቀድሞ ከ100 አመልካች 25 የሚወስድ ትምህርት ክፍል ዛሬ ከ35 አመልካች 25 ቢወስድ ምጣኔው ከ25 ወደ 71 በመቶ ይዘላል። ከውጭ ለሚያይ «በሩን በረገዱት» ይመስላል። ማጣሪያው ግን አልላላም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ከ2016 በፊት ያለውንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ምጣኔ ጎን ለጎን አድርጎ «ጥራት ወረደ» ወይም «ዕድል ሰፋ» ማለት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በፈተናው ጉዳይ ሰዎች በሁለት ወገን ይከራከራሉ። ደጋፊዎቹ አንድ መለኪያ መኖሩ ፍትሐዊ ነው ይላሉ። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ 3.5 አማካይ ውጤት እና የሌላው 3.5 እኩል አይደለም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ቀድሞ በየትምህርት ክፍሉ ይሰጥ የነበረው ፈተና ላይም «ሰው ያለው ይገባል» የሚል ቅሬታ አይጠፋም ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ አጠቃላይ ፈተና የሙያውን ዝግጅት አይለካም ይላሉ። አሥር ዓመት ገንዘብ ቢሮ ውስጥ በጀት ሲሠራ የቆየ ባለሙያ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥያቄ ላይ ሊሰናከል ይችላል። ትናንት የተመረቀው ደግሞ ምንም የሥራ ልምድ ሳይኖረው ያልፋል። ሁለቱም ክርክር ውኃ ያነሳል። ለኔ ግን የሚያስኬደው ፈተናውን መተው አይመስለኝም። ትምህርት ክፍሎች ከእሱ ቀጥሎ የራሳቸውን የሙያ መመዘኛ በግልጽ ነጥብ አስቀምጠው ቢጨምሩ ይሻላል።

## ድምሩ የሚደብቀው

ያንኑ 40.65 በመቶ እንመልከተው። አንድ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ሁለት ዓለም አለ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632 አለፉ። 62 በመቶ ገደማ ነው። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ደግሞ ያለፉት 12,422 ብቻ ናቸው። 17 በመቶ ገደማ። «40 በመቶ አለፈ» የሚለው አማካይ የማንንም ሁኔታ አይገልጽም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚመረቅ ልጅ በጣም ያስፈራል። ከግል ኮሌጅ ለሚመረቀው ደግሞ ያዘናጋል።

ድምር ከመደበቅ አልፎ ነገሩን ሊገለብጠውም ይችላል። ለዚህ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ምሳሌ የመጣው ራሱ ከድኅረ ምረቃ ቅበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶ ተቀባይነት አገኙ። ከሴቶቹ ያገኙት 35 በመቶ ነበሩ። አመልካቾቹ በሁለቱም በኩል ብዙ ሺህ ስለሆኑ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን አይችልም። አድልዎ ያለ መሰለ።

ከዚያ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች መዝገቡን በየትምህርት ክፍሉ ከፋፍለው አዩት። ብዙ አመልካች ከነበራቸው ስድስት ትምህርት ክፍሎች በአራቱ የሴቶቹ ምጣኔ ከወንዶቹ ይበልጥ ነበር። በአንደኛው ክፍል 825 ወንዶች አመልክተው 62 በመቶው ሲገቡ፣ ካመለከቱት 108 ሴቶች 82 በመቶው ገብተዋል። ታዲያ ድምሩ ለምን ተገለበጠ? ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት በሩ ጠባብ ወደሆነ ክፍል ነው። በስድስተኛው ክፍል ከ341 ሴቶች የገቡት 7 በመቶ ናቸው። ከ373 ወንዶች የገቡት ደግሞ 6 በመቶ። ወንዶቹ ሰፊው በር ላይ በገፍ ተሰለፉ፤ ሴቶቹ ጠባቡ በር ላይ። ሁሉም አንድ ላይ ሲደመር የበሩ ስፋት የጾታ ልዩነት መስሎ ታየ። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን የሲምፕሰን እንቆቅልሽ ይሉታል።

ይህ ታሪክ «አድልዎ የለም» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ሴቶች ለምን ወደ ጠባቡ በር ሄዱ የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። መልሱ ከዩኒቨርሲቲው በፊት ባለው ትምህርትና በቤተሰብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ግን ቢያንስ የት መፈለግ እንዳለበት አሳይቷል።

እኛ ጋ ሲመጣ በሮቹ በሌላ መንገድ ይከፈላሉ። አንድ የኢኮኖሚክስ ማስተርስ መደበኛ አለው፤ ኤክስቴንሽን፣ የሳምንት መጨረሻ ወይም የክረምት ሊኖረው ይችላል። በመንግሥት ወይም በመሥሪያ ቤት ስፖንሰር የሚገባ አለ። በራሱ ክፍያ የሚገባም አለ። የመደበኛው ቦታ የተወሰነ ነው። የሳምንት መጨረሻው ግን ከፋይ እስከተገኘ ድረስ ሰፋ ሊል ይችላል። ሁለቱን ደምሮ «ኢኮኖሚክስ ከሁለት አንዱን ይወስዳል» ማለት በስፖንሰር ለመማር የሚያስበውን ልጅ ማሳሳት ነው። የሴቶችን ቅበላ በተመለከተም ያው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ ያዛል፤ በቅበላ ላይም የተለየ መቁረጫ ነጥብ የሚደረገው በዚህ መነሻ ነው። ድጋፉ ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ ለመናገር ግን በየትምህርት ክፍሉና በየፕሮግራሙ የተከፈለ ቁጥር ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ የሴቶች ድርሻ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

## ኢኮኖሚክስ ምን የተለየ ነገር አለው?

ብዙ ሰው ኢኮኖሚክስን ከማኔጅመንትና ከአካውንቲንግ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። ማስተርስ ላይ ግን የተለየ መልክ ይይዛል። የመጀመሪያው ዓመት ሦስት ምሰሶዎች አሉት። ማይክሮ (የቤተሰብና የድርጅት ውሳኔ ጥናት)፣ ማክሮ (የመላው ኢኮኖሚ ጥናት) እና ኢኮኖሜትሪክስ። ኢኮኖሜትሪክስ ማለት የኢኮኖሚ ጥያቄን በመረጃና በስታቲስቲክስ መፈተን ነው። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር ገበሬው በእርግጥ ብዙ ጤፍ ይዘራል ወይ? ይህን በግምት ሳይሆን በቁጥር መመለስ ነው። ለዚህ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና የስታቲስቲክስ መሠረት የግድ ነው።

እንግዲህ አመልካቾቹ ከየት ይመጣሉ? ከኢኮኖሚክስ የተመረቁ አሉ። ከግብርና ኢኮኖሚክስ፣ ከማኔጅመንት፣ ከስታቲስቲክስም ይመጣሉ። ባንክ ቤት የሚሠሩ፣ ፋይናንስ ላይ ያሉ፣ በግብረ ሰናይ ድርጅት ፕሮጀክት የሚከታተሉ ብዙ ናቸው። ሒሳቡን የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያመለክት ይቀራል። ይህም በቁጥሩ ላይ ጫና አለው። ራሱን በራሱ ያጣራ የአመልካች ስብስብ ሲመጣ የቅበላ ምጣኔው ከፍ ይላል። ስለዚህ «ኢኮኖሚክስ ከቢዝነስ አስተዳደር ይልቅ ብዙ ይቀበላል፤ ስለዚህ ይቀላል» የሚል ድምዳሜ አያስኬድም። ቢዝነስ አስተዳደር ላይ «እስቲ ልሞክር» ብሎ የሚያመለክተው ሰው ኢኮኖሚክስ ላይ አይሞክርም።

የሥራ ገበያውም እዚህ ውስጥ አለ። ሥራ ሲጠፋ የማስተርስ አመልካች ይበዛል። ይህ በብዙ አገሮች የታየ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ለሌለው ሰው ትምህርት የሚያሳጣው ደመወዝ የለም። ባንኮች ቅርንጫፍ እየከፈቱ ሠራተኛ በሚቀጥሩበት ጊዜ ደግሞ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ወዲያው ይወሰዳል፤ አመልካች ያንሳል። ቦታው ሳይቀየር ምጣኔው ወዲያና ወዲህ ይላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ብዙ የማያከራክር ቢሆንም ይረሳል። የትምህርት ክፍሉ ተማሪ ጥቂት ነው። 12 ሰው አመልክቶ 6 ቢገባ 50 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 20 አመልክቶ 6 ቢገባ 30 በመቶ ይሆናል። ስምንት ሰው ስለጨመረ ብቻ «ውድድሩ በጣም ከበደ» ተባለ። ለጥቂት ሰው በመቶኛ ከማውራት ቁጥሩን እንዳለ መናገር ይሻላል። የሦስትና የአራት ዓመት ቁጥር አንድ ላይ ማየት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

## ባሕር ዳር የቆመችበት ቦታ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ፖሊን (ፖሊቴክኒኩን) እና ፔዳን (የመምህራን ኮሌጁን) በማዋሐድ የተመሠረተ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ ሲለዩ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ከተባሉት ስምንቱ አንዱ ሆኗል። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ማለት በቀላል አነጋገር ክብደቱን ወደ ማስተርስና ፒኤችዲ የሚያዘነብል ማለት ነው። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ቅበላ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ የጎን ሥራ አይደለም።

ያለፉት ዓመታት ግን ለአማራ ክልል ከባድ ነበሩ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ የትጥቅ ግጭት ውስጥ ገባ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። የቅበላ ሥርዓቱ ወደ ኦንላይን በተሻገረበት ወቅት ማለት ነው። የፈተና ምዝገባው፣ ክፍያው፣ የውጤት መግለጫው ሁሉ በኢንተርኔት ነው። ሞጣ ወይም ደብረ ታቦር ያለ አመልካች ፎርሙን ለመሙላት ዋይፋይ ወዳለበት ተቋም መሄድ ወይም አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ደውሎ «አንተ ሙላልኝ» ማለት ነበረበት። መንገድ የተዘጋ ጊዜ ደግሞ ፈተና ማዕከል መድረስም አልተቻለም።

ይህ ሰው በየትኛው ቁጥር ውስጥ አለ? በየትኛውም። አላመለከተም፤ ስለዚህ ታህቱ ውስጥ አይቆጠርም። የቅበላ ምጣኔ ሊነግረን ከማይችለው ነገር ትልቁ ይህ ነው። የሚቆጥረው በሩ ድረስ የመጣውን ብቻ ነው። የአመልካቾች ቁጥር ሲቀንስ ፍላጎት ቀነሰ ብሎ ከመደምደም በፊት መንገዱ ክፍት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

## ወደ ውጭ ለሚያመለክቱ

ባሕር ዳር ላይ ሆነው ለንደን ወይም ቦን የሚያመለክቱ የኢኮኖሚክስ ምሩቃን ጥቂት አይደሉም። እነሱም በቅበላ ቁጥር ይደናገጣሉ። እንደ ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ያሉ ተቋማት ለየፕሮግራሙ ስንት ሰው እንዳመለከተና ስንት ሰው ትምህርት እንደጀመረ ሲያሳውቁ ቆይተዋል። ሁለቱን ስናካፍል በጣም ትንሽ ቁጥር ይመጣል። ግን ተቀባይነት ያገኘውና ትምህርት የጀመረው አንድ አይደለም። ጎበዝ አመልካች አምስት ስድስት ቦታ ያመለክታል። ሦስት ቦታ ይፈቀድለታል። የሚማረው አንድ ቦታ ነው። በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች «ተፈቅዶለት ያልመጣ» ይሆናል። ስለዚህ የጀመሩትን ለአመልካቾች ያካፈለ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ከእውነተኛው የመቀበል ዕድል ያነሰ ነው። አንዳንዴ በጣም ያነሰ።

የኛን አመልካች ይበልጥ የሚያጣራው ግን ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የማመልከቻ ክፍያ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የቪዛ ወጪ ሁሉ በብር ሲመነዘር በዚያው ልክ ዘለለ። አምስት ቦታ ያመለክት የነበረ ልጅ አሁን አንድ ወይም ሁለት ቦታ መምረጥ አለበት። ያኔ ቁጥርን በትክክል ማንበብ ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው።

## አንድ ገጽ ይበቃል

ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሁሉ ማጥራት ይችላሉ። መረጃው ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ አለ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ መስመር ይበቃል። ስንት ሰው ፎርም ሞላ፣ የስንቱ ማስረጃ ተሟላ፣ ስንቱ ተቀባይነት አገኘ፣ ስንቱ ተመዘገበ። መደበኛና የሳምንት መጨረሻ ለየብቻ፤ ስፖንሰርና የግል ክፍያ ለየብቻ፤ ወንድና ሴት ለየብቻ። የተፈተነው ሰው ስም አይውጣ፤ ቁጥሩ ብቻ ይውጣ። የሚቀጥለው ዓመት አመልካች በቴሌግራም ወሬ ከመመራት ይድናል።

እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ የሚፈሩ አሉ። «ምጣኔያችን ከፍ ያለ ሆኖ ከታየ ርካሽ እንባላለን፤ ዝቅ ካለ አመልካች ይሸሻል» የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ሲሰጠው በእርግጥ እንዲያ ይፈርዳል። አራቱም ቁጥር ሲሰጠው ግን የመፍረዱ አኳኋን ይለወጣል። ዝምታ ደግሞ ወሬውን አላስቀረም።

## በሩ ላይ የሚመጣው ትውልድ

ሰንጠረዡ የሚያስፈልገው ለትናንቱ ብቻ አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና የተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ነበሩ። 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909፣ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኢኮኖሚክስን የሚመለከተው ግን የማኅበራዊ ሳይንሱ ነው። በዚህ ዘርፍ ከተፈተኑት 556,878 ተማሪዎች ያለፉት 6,973 ናቸው። በመላ አገሪቱ። ሕግ፣ ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ ሁሉም እነዚህን ይካፈላሉ። በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ሪሜዲያል በሚባለው፣ አልፈው የገቡ ስለተጨመሩ ክፍሎቹ ባዶ አልሆኑም። ሆኖም ከበፊቱ በጣም ጠባብ ትውልድ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ አለፈ።

ኢኮኖሚክስ አሁን አራት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ያ የመጀመሪያው ጠባብ ትውልድ ተመርቆ የማስተርስ በር ላይ የሚደርሰው በ2019 ገደማ ነው። የመውጫ ፈተናውንና «ጋት»ን አልፎ የሚመጣው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የማስተርስ ቦታዎች ባሉበት ከቀጠሉ የቅበላ ምጣኔው ወደ ላይ ይወጣል። ያኔም ፔዳ አካባቢ «ማስተርስ አሁን ለሁሉም ነው» የሚል ወሬ ይነሳ ይሆናል። በዚያ ዓመት የኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ተማሪ ግን ገና በ12ኛ ክፍል ከ80 ተፈታኝ አንዱ ብቻ ሆኖ ካለፈ ወይም በሪሜዲያል በኩል ዞሮ ከመጣ ትውልድ የወጣ ነው። ይህን የሚያሳየው ቁጥር ያለው በማስተርሱ ሰንጠረዥ ውስጥ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በፊት በወጣ የፈተና ውጤት ላይ ነው።